ኮምፒውተር ሳይንስ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ፦ መሐል ሜዳ ላይ ለተማሪዎች ያወራሁት

ክረምት ላይ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ 12ኛ ለጨረሱና ፍሬሽማን ጨርሰው ቤተሰብ ጋ ለመጡ ልጆች ስለ ኮምፒውተር ሳይንስ ትንሽ አውራልን ተብዬ ነበር፣ ያልነበሩ ልጆች ጻፈው ስላሉኝ ነው እዚህ የማስቀምጠው። ያወራሁት እንዳለ ነው፣ እየዞርኩ የደጋገምኩትን ብቻ ቆርጬዋለሁ።

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ። ወላጆችም መጥታችኋል፣ አባቶች እናቶች እግዜር ይስጥልን። ከመጀመሬ በፊት በብጣሽ ወረቀት ጥያቄ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፣ ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ፣ እና አብዛኛው ወረቀት የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ላፕቶፕ የለኝም፣ ኮምፒውተር እንኳን በደንብ ነክቼ አላውቅም፣ ብገባ እወድቃለሁ ወይ?» የሚል። ሒሳብ ብዙም አልወድም፣ ይከብደኛል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፣ ፍርሃታችሁን ቦታ ቀያይሩት። ላፕቶፕ ስለሌላችሁ አትፍሩ፣ ሒሳብ ስለምትጠሉ ግን ፍሩ። ዛሬ የመጣሁት በቃ ይሄን ለመናገር ነው፣ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንነጋገር ምክንያቱም ሰው ሌላ ነገር እየጠበቀ ነው የሚገባው። ዘመድ አዝማድ ኮምፒውተር ሳይንስ ደረሰኝ ስትሉት ስልኩን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ስክሪኑ አልበራ አለ፣ ፌስቡኬ ተዘጋ፣ ፍላሼ ቫይረስ ገባው፣ ምናምን። ትምህርቱ ውስጥ ይሄ የለም። ፎርማት ማድረግ የሚባል ኮርስ የለም። አራት ዓመት ነው፣ የመጀመሪያው ፍሬሽማን ነው፣ እሱን ሁሉም ይወስደዋል፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ማትስ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ እያላችሁ ታልፉታላችሁ። ከዛ ዲፓርትመንት ስትገቡ ፕሮግራሚንግ አለ አዎ፣ ግን ከሱ ጎን ዲስክሪት ማትስ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ ዳታቤዝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ የኮምፒውተር አርክቴክቸር፣ ኮምፓይለር፣ ከዛ ደግሞ ብዙ ተማሪ የሚያለቅስበት ኦቶማታ የሚባል፣ ማሽን ምን ማስላት እንደሚችልና እንደማይችል በሒሳብ የሚታይበት ኮርስ አለ። ኦቶማታ ላይ ኮምፒውተር ጭራሽ ላትነኩ ትችላላችሁ፣ ክብና ቀስት እየሳላችሁ ነው ሴሚስተሩ የሚያልቀው። እዛ ውስጥ ነው አለን ቱሪንግ የሚባለውን እንግሊዛዊ የምታገኙት፣ ሰውዬው በ1936 እ.ኤ.አ. ገና ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኮምፒውተር ሳይሠራ ኮምፒውተር ምን ማድረግ እንደማይችል አሳየ። ማንኛውንም ፕሮግራም ተቀብሎ ይሄ ይቆማል ወይስ ለዘላለም ይዞራል ብሎ ሁሌ በትክክል የሚመልስ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። ገንዘብ ስለጠፋ ወይ ማሽኑ ስላነሰ አይደለም፣ በሒሳብ አይቻልም። ይሄ ነገር ካስደነቃችሁ ኑ። ምን ያደርግልኛል ካላችሁም ችግር የለውም፣ ወደ በኋላ ለናንተም የምለው አለ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ አንድ ልጅ እጁን ያወጣው። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ዲያቆን ነው። «ጋሼ፣ እኔ የኔታ ጋ ነው ያደግኩት፣ ዘመናዊውን ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ ሒሳብ መሠረት የለኝም፣ ስለዚህ አይሆንልኝም ማለት ነው?» አለ። ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ተምረሃል ወይ አልኩት። አዎ አለ። በል ውጣ ብዬ ጠመኔ ሰጠሁት፣ የ2018ን ፋሲካ አውጣልን አልኩት።

ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ከዛ በኋላ እኔ ካወራሁት ሁሉ ይሄ ይሻላል። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የሚላቸው በየደረጃው የሚወጡት ቁጥሮች ስም ናቸው፣ በ30 መግደፍ ማለት ደግሞ 30 30 እያወጡ የተረፈውን መያዝ ነው። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ አንዱን አትተህ ወንበር 12። ወንበርን በ11 አባዝተህ 132፣ በ30 ስትገድፈው 12፣ አበቅቴ። ወንበርን በ19 አባዝተህ 228፣ በ30 ስትገድፈው 18፣ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልመጡ ተሳስተሃልና ከአናቱ ጀምር፣ 12 ሲደመር 18፣ 30፣ ልክ ነው። ከዛ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ይውላል፣ ካነሰ ጥቅምት ላይ። 18 ስለሆነ መስከረም 18፣ ቀኑ እሑድ፣ የእሑድ ተውሳክ (ለየቀኑ የተመደበው ጭማሪ) 7፣ ተደምሮ 25፣ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ከዛ 9 ጨምሮ 34፣ ከ30 ስላለፈ 4፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ወረቀት አላየ፣ ካልኩሌተር የለ።

እንግዲህ ልጁ ሒሳብ የለኝም ያለው ይሄን በቃሉ እየሠራ ነው። «ለ19 አካፍለህ የተረፈውን» ማለት ሞጁሎ ነው፣ ዲስክሪት ማትስ ላይ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ትማሩታላችሁ። «ከ14 ከበለጠ እንዲህ ካነሰ እንዲያ» ኢፍ ኤልስ ነው። «ተደምረው 30 ካልመጡ ተሳስተሃል» የሚለው ደግሞ ፕሮግራመሮች ቴስት የሚሉት ነው፣ አባቶች ስንት መቶ ዓመት ሲሠሩበት የኖሩትን ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ላይ ቴስት ጻፉ ሲባሉ ተማሪዎች ያኮርፋሉ።

እኔ ግን እዛ ላይ አልተውኩትም። ከ14 ከበለጠና ካነሰ አልክ፣ እሺ ልክ 14 ቢሆንስ? አልኩት። ሳቀ፣ «14 አይመጣም» አለ። ለምን? «አይመጣማ፣ የኔታ አይመጣም ነው ያሉት»። ይሄውላችሁ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አይመጣም የተባለውን ለምን እንደማይመጣ ማሳየት። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው፣ 19 ምርጫ ነው ያለው፣ ተራ በተራ በ19 እያባዛችሁ በ30 ግደፉት፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13 እያለ ይሄዳል፣ እስከ መጨረሻው ብትወርዱ 14 የለም። 14 እንዲመጣ ወንበር 26 መሆን ነበረበት፣ እዛ ደግሞ አይደርስም። ተረጋገጠ በቃ። ይሄን ደብተር ላይ ስትሠሩት ደስ የሚላችሁ ከሆነ እናንተ የዚህ ዲፓርትመንት ሰው ናችሁ፣ ላፕቶፕ ኖራችሁ አልኖራችሁ ግድ የለኝም።

አሁን ይሄንኑ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጻፉት እንበል። ዲያቆኑ እንዳለው ለ19 አካፍሎ ቀሪውን ወስዶ አንድ መቀነስ። ለ2018 ይሠራል፣ ለ2017 ይሠራል፣ ጓደኛህ አይቶ አበጀህ ይልሃል። 2005ን አስገቡበት። 5500 ሲደመር 2005፣ 7505፣ ለ19 እኩል ይካፈላል፣ ቀሪ ዜሮ። ዜሮ ሲቀነስ አንድ፣ ነጌቲቭ አንድ! ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ የነጌቲቭ ቁጥር ቀሪ ስትጠይቁት ነጌቲቭ ነው የሚሰጣችሁ፣ አበቅቴ ነጌቲቭ 11 ብሎ ያስቀምጥላችኋል፣ ምንም ኤረር አያሳይም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ፋሲካ ያወጣል። የኔታ ተማሪ ይሄ አያጠፋውም፣ ቀሪ ከሌለ ወንበር 18 ነው ተብሎ ተምሯል። የሚቀጥለው ዓመት 2006 ደግሞ ወንበር ዜሮ ነው፣ መጥቅዕም ዜሮ ይመጣል፣ ኮዱ «ከ14 ያንሳል፣ ስለዚህ ጥቅምት» ይላል፣ ጥቅምት ዜሮ የሚባል ቀን ፍለጋ ይሄዳል። ዲያቆኑን ስጠይቀው «ዜሮ ሲሆን 30 ነው የሚባለው፣ መስከረም 30» አለ ወዲያው። ኮምፒውተሩ ይሄን አያውቅም፣ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው ለመሆን ነው አራት ዓመት የምትማሩት።

ሌላ ደግሞ፣ እዚህ ያላችሁ ሁላችሁም የምታውቁት፣ አማርኛ። ስልካችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ 70 ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቴሌ ሊያስከፍለን ነው ይላል፣ አይደለም፣ የላቲኑ ፊደል በ7 ቢት (ቢት ማለት አንድ 0 ወይ 1 ነው) ተጠቅጥቆ ነው የሚላከው፣ የኛ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል፣ ቦታው ግን ያው አንድ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስሪት 3.0 ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ደግሞ አንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ባይት ማለት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «ሰላም» ለኛ 3 ፊደል ነው፣ ርዝመቱን ሲ ላንጉዌጅ ብትጠይቁት 9 ይላችኋል። አንድ መሥሪያ ቤት የስም ቦታ 20 ባይት ይበቃል ብሎ ዳታቤዝ ቢያሠራ አበበ ይገባል፣ ከበደ ይገባል፣ ወለተማርያም ግን 7 ፊደል ናት፣ 21 ባይት፣ የመጨረሻዋ ም ተሰብራ ጥያቄ ምልክት ሆና ትወጣለች። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ያየ ሰው እዚህ አይጠፋም። ከዛ ደግሞ ፍለጋው አለ። ፀሐይ የሚለውን ስም ሰው በ«ፀ» ይጽፈዋል በ«ጸ» ይጽፈዋል፣ መሃል ያለችው ፊደል ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ከስድስቱ አንዷ ናት፣ ሁለት በስድስት 12 ዓይነት አጻጻፍ፣ ሁሉም ሲነበብ ያው ነው። ሲስተሙ ግን 12 የተለያዩ ሰዎች ናቸው ነው የሚለው፣ እናትዬዋ መዝገብ ቤት ሄዳ «ስምሽ የለም» ትባላለች። ይሄን ካሊፎርኒያ ያለ ሰው መጥቶ አያስተካክልልንም ምክንያቱም ችግሩ መኖሩንም አያውቀውም። እኔ እንደውም የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲባል በየዓመቱ ተመሳሳይ የሆቴል ማኔጅመንት ሲስተም ከምታስረክቡ ይሄን ሥሩት ነው የምለው፣ የሆቴል ማኔጅመንት ሲስተም ሰልችቶኛል እውነት ለመናገር።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። ላፕቶፕ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው፣ አልዋሻችሁም፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ዌብ ፕሮግራሚንግና ፕሮጀክት ሲመጣ ያስፈልጋችኋል፣ ያኔ በጋራም ቢሆን መፍትሔ ይፈለጋል። መጀመሪያ ላይ ግን የኮምፒውተር ላብ (ላቦራቶሪ) አለ፣ ደብረ ብርሃን የደረሳችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ላብ ስትገቡ ጣታችሁ ኪቦርድ ላይ አልታዘዝ ይላችኋል፣ ጋቢ ለብሶ ኮድ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ አትገረሙ፣ መንዝ ያደገ ሰው እንኳን ይችለዋል መቼም። መብራት ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ለሁለት ለሦስት ይሆናል። እዛ ላይ የሚለየው ወረቀት ላይ መሥራት የለመደው ነው። ኮዱን ደብተር ላይ ጽፈህ ጎኑ ላይ ሰንጠረዥ ታሰምራለህ፣ አንዱ አምድ «i» (ቆጣሪው)፣ አንዱ አምድ ድምር፣ ሉፑ (የሚደጋገመው የኮዱ ክፍል) በዞረ ቁጥር አንድ መስመር እየወረድክ ኮምፒውተሩ የሚያደርገውን አንተ ታደርጋለህ። ፈተናው ራሱ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ነው የሚመጣው። ለምሳሌ አንድ ኤ እና አንድ ቢ ያገኘ ተማሪ አማካዩ ስንት ነው፣ 4 ሲደመር 3፣ 7፣ ለሁለት 3.5 አይደል? ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ፣ ብላችሁ ከጻፋችሁት 3 ነው የሚለው፣ ግማሿን ዝም ብሎ ይጥላታል። በእጅ ሰንጠረዥ የሠራ ተማሪ የት ጋ እንደወደቀች ያውቃል፣ ከጓደኛው ኮፒ ያደረገው ማሽኑ ተበላሽቷል ይላል።

ሁለት ወረቀት ላይ ሴት ልጅ ይከብዳታል ወይ የሚል አለ። አጭር ነው መልሴ። ኢኒያክ የሚባለው አሜሪካ ውስጥ በ1945 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራው ግዙፍ ኮምፒውተር የመጀመሪያ ፕሮግራመሮቹ ስድስት ሴቶች ነበሩ፣ ሰው በሚረዳው መንገድ የተጻፈን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ኮምፓይለር በ1952 እ.ኤ.አ. መንገዱን የከፈተችው ግሬስ ሆፐር የምትባል ሴት ናት። እህቶቼ፣ ይከብድሻል የሚላችሁ ሰው ካለ ሞጁሎ ምን እንደሆነ ጠይቁት።

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ደግሞ፣ ይሄ ጥያቄ በየሄድኩበት አለ፣ ቻት ጂፒቲ ኅዳር 2015 ከወጣ ጀምሮ ሰው «ኮዱን እሱ ይጽፈዋል፣ እናንተ ለምን ትማራላችሁ» ይላል። ይጽፈዋል፣ እውነት ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን የፋሲካውን ፕሮግራም ጻፍልኝ በሉትና የሰጣችሁን ኮድ 2005 ላይ ሞክሩት፣ 2006 ላይ ሞክሩት። ልክ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ላይሆን ይችላል፣ ነጥቡ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ ነው። የትኛውን ዓመት መሞከር እንዳለበት የሚያውቀው ወንበር ዜሮ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ያሰበ ሰው ነው። ሳያስብ ኮፒ ፔስት ሲያደርግ የተመረቀ ሰው ግን፣ አዎ፣ እሱ መፍራት አለበት። እሱን ደግሞ ቀድሞ መውጫ ፈተናው ይይዘዋል፣ ከ2015 ጀምሮ ማንም ተማሪ ኤግዚት ኤግዛም ሳያልፍ ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው 50 ነው፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው የዲፓርትመንት ኮርሶች አብዛኞቹ ይመጣሉ፣ ስልክ ይዞ መግባት የለም።

አንድ አባት ደግሞ ከኋላ ተነሥተው «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ተምሮ የት ይቀጠራል?» አሉኝ። አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ተመርቆ በማግስቱ የሚቀጠረው ጥቂቱ ነው። ባንክ አለ፣ ቴሌኮም አለ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት አይሲቲ ባለሙያ ብሎ ይቀጥራል፣ አዲስ አበባ ያሉ የሶፍትዌር ድርጅቶች አሉ፣ ለነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው ነው የሚሰለፈው። ነገር ግን እርስዎ ቴሌብር ይጠቀማሉ አይደል? ለልጅዎ 500 ብር ሲልኩ ከእርስዎ ተቀንሶ ለእሱ ሳይደመር መሃል ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ ብሩ የት ይገባል? የትም መግባት የለበትም፣ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ፣ ዳታቤዝ ኮርስ ላይ ትራንዛክሽን የሚባለው ይሄ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በደንብ የገባው ልጅ ትንሽ ቢዘገይም ሥራ አያጣም ብዬ ነው የማምነው፣ ስሙን ብቻ ይዞ የወጣው ግን ይቸገራል። ሰውዬው «እንግዲህ ይማር» ብለው ተቀመጡ፣ ልጁ አጠገባቸው ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ የፍሬሽማኖቹ ነው፦ «ጂፒኤ ባይደርስልኝና ሌላ ዲፓርትመንት ብመደብስ?» ውጭ ሀገር ብዙ ቦታ ዋና ትምህርትህን ይዘህ ኮምፒውተር ሳይንስን በማይነር ትወስዳለህ፣ ጥቂት ኮርስ፣ ትራንስክሪፕትህ ላይ ይጻፋል። እኛ ጋ እንደዛ ማስመዝገብ የተለመደ አይደለም፣ ግን ወረቀቱ ላይ አይጻፍ እንጂ ትምህርቱን ማንም አይከለክላችሁም። መጀመሪያ አይቲና ኢንፎርሜሽን ሲስተም ጎረቤት ናቸው፣ አይቲ ኔትወርኩና አስተዳደሩ ላይ ያመዝናል፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ድርጅት ውስጥ ሲስተም እንዴት እንደሚሠራ ላይ፣ ሒሳቡ ቀለል ይላል፣ ቅድም ቱሪንግ ምን ያደርግልኛል ላላችሁት የምለው እነዚህን እዩ ነው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው ፕሮግራምም አለ፣ በነፃ ነው፣ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ፣ አንድሮይድ፣ ኤአይ መግቢያ ይሰጣል፣ በስልክም ይጀመራል። ግብርና የደረሰው ልጅ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይማር፣ የዝናብ መረጃ ሰብስቦ ገብሱ መቼ ቢዘራ ይሻላል የሚለውን ራሱ ያስላ። አካውንቲንግ የደረሳት እንደዛው።

ሒሳብ ዲፓርትመንት ደርሶኝ እያዘንኩ ነው ያለች አንዲት ልጅ ነበረች፣ ለሷ በደንብ ሳልመልስላት ሰዓት አለቀ፣ ስለዚህ እዚህ ልመልስላት። እህቴ፣ አንቺ የያዝሽው ከባዱን ግማሽ ነው። ሊኒየር አልጀብራ ትማሪያለሽ፣ እነ ቻት ጂፒቲ ውስጣቸው ሲከፈት አብዛኛው የማትሪክስ ብዜት ነው። ፕሮባቢሊቲ ትማሪያለሽ፣ ማረጋገጥ ትማሪያለሽ። ፓይተንን በሁለት ሴሚስተር ጎን ለጎን ትደርሽበታለሽ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ገብቶ ሒሳቡን በኋላ ልያዘው የሚል ልጅ ግን ሲሳካለት ብዙ አላየሁም። ለመጀመሪያ ሥራ የፋሲካውን ፕሮግራም ጻፊው፣ ፓይተን ደግሞ የነጌቲቭ ቀሪ ላይ ከሲ ፕላስ ፕላስ የተለየ መልስ ነው የሚሰጠው፣ 2005ን አስገብተሽ አበቅቴ ስንት እንደሚልሽ እዪ። 19 ይልሻል፣ ትክክሉ 18 ነው።